በክንድ የተለካ ሽቦ

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለደምመላሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጊዮርጊስ አምላክ ከጀርመን ብርድና ከጀርመን ድንች ይጠብቅህ። ሰላምታዬ ለአንተ ይድረስ፤ ከአንተ ቀድሞ ይህን ወረቀት ለሚያነበው ወንድማችንም ይድረስ። እሱም እናት የወለደችው ነው። የኔን ጽሕፈት ለመፍታት የሚያፈሰው ላብ ያሳዝነኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ጥርሶቼ አንድ በአንድ እየተሰናበቱኝ ነው፤ ምላሴ ግን ሰፊ ቦታ አግኝቶ ተንደላቋል። ወይዘሮ አስካለ ያው ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ሆና ስትናገር የጊዮርጊስ ደወል ያፍራል። አንተስ? ቁመት ጨመርክ ወይስ እዚያም ሄደህ የአባትህን ወገን አላሳፈርክም? እኔን የሚያህል ረጅም አያት እያለህ እንዲያ ቁራጭ ሆነህ መቅረትህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሚሌቼንቶዋ፣ አሮጌዋ ፊያቴ፣ ታማለች። ክረምቱን ቤንዚን ጠፍቶ ቆማ ስለከረመች አይጥ ኮፈኗ ስር ገብቶ ወለደ። ለልጆቹ ምንጣፍ የሚሆን ነገር ሲያጣ የሽቦዎቹን ልባስ ላጠው። በመስከረም ላስነሳት ብዬ ቁልፉን ባዞር ጭስ ወጣ፤ እኔ ሞኙ ከደመራ የተረፈ ጭስ ነው ብዬ ደግሜ አዞርኩት። አሁን ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ሽቦ ግማሹ ተልጧል፣ ግማሹ ተቃጥሏል። የምትነሳው ገፍተን ቸርችል ጎዳና ላይ ቁልቁል ስንለቃት ብቻ ነው፤ ያውም ደስ ያላት ቀን። ድሮ እንዲህ ያለውን የሚያክምልን ዘይኑዲን ነበር። አንተንም ፒንሳ ያስጨበጠህ እሱ ነው። ዘይኑዲንን የወታደር መኪና እንዲጠግን ወደ ሰሜን ወስደውታል። ጸልይለት።

መኪናዋ ብትቆም ግድ አልነበረኝም፤ ታክሲ መንዳቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ነገሩ የእናትህ ነው። ሙሉእመቤት እግሯ ያብጣል፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ «ልብ ነው፤ ሲብስባት ሳትዘገዩ አምጧት» አለኝ። «ሳትዘገዩ» ማለት ለሱ ቀላል ነው። ከሰዓት እላፊ በኋላ ፒያሳ ላይ ከድመት በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ቀበሌያችን አዝኖልኝ ለበሽተኛ የሌሊት ማለፊያ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ፈቃዱ ግን የተጻፈው በሚሌቼንቶዋ ታርጋ ነው። በሌላ መኪና አይሠራም። በአህያም አይሠራም፤ ጠይቄአለሁ።

እንግዲህ የሞተር ሽቦ ላክልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የመኪና ኤሌክትሪክ ስትማር አምፖል መቀየር ብቻ አላሳዩህም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናትህ «ሲበላ እኔን እያሰበ አይብላ፣ ያንቀዋል» በልልኝ ብላለች።

አያትህ
ረጅሙ እምሩ


ላይፕዚግ
ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፣

ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ለእርስዎም ለእማዬም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ትላንት ደረሰኝ። ስለ አይጡ ሳነብ ሳቅሁ፤ ስለ እማዬ ሳነብ ደግሞ ስለሳቅሁ አፈርኩ። እግሯ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው? በሰኔ «ትንሽ ጉንፋን» ያሉኝ ይህንኑ ነበር እንዴ?

የመኪናዋን ነገር በሚገባ አሰብኩበት። የፊያት ዕቃ እዚህ አገር አይገኝም። ግን መምህሬን አስፈቅጃለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ሽቦ ወስጄ በእጄ እሠራዋለሁ። ለዚህ ልኩ ያስፈልገኛል፦ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ርዝመቱም ምን ያህል እንደሆነ።

አባባ፣ አደራ የምልዎ አንድ ነገር አለ። አሮጌውን ሽቦ እንዳያወጡት። እዚያው እንዳለ ይለኩት። ተጎድቶም ቢሆን ቁልቁል ሲለቋት ያስነሳታል ብለውኛል፤ ለክፉ ቀን ያ ይበቃል። አዲሱ ሲደርስዎ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። ቀጥሎ በአሮጌው ጫፍ ላይ ሲባጎ አስረው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ሽቦው ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ይቀራል። ከዚያ አዲሱን በሲባጎው አስረው መልሰው ይሳቡ፣ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። ከዚያ በፊት ግን አይንኩት።

የምኖርበት ክፍል ስለሚቀየር ከእንግዲህ በአቶ ገብረትንሣኤ አድራሻ ይጻፉልኝ። ከሁላችን በፊት ወደዚህ የመጡ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። በዓል ሲመጣ ያለነው ሐበሾች ሁሉ እሳቸው ቤት ነው የምንሰበሰበው።

ቀልዱን ለአንድ ገጽ ትተው የእማዬን ሁኔታ ይንገሩኝ።

ልጅዎ
ደምመላሽ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሊቁ ለደምመላሽ፣

ጌታ የተወለደበት ሰሞን ነውና ደስታው በበረዶ መካከል ያለኸውንም ያግኝህ። አቶ ገብረትንሣኤን እጅ ነሥቼልሃለሁ። የኔን ደብዳቤ ሊቀበሉ ከተስማሙ ታጋሽ ሰው መሆናቸውን ከዚሁ አውቄአለሁ።

አታውጡት ብለህ ነበር። አወጣሁት።

አትጮህ። ጎረቤት ይሰማል። እዚያው እንዳለ ለመለካት አንድ ቀን ሙሉ ሞከርኩ። ኮፈን ውስጥ ግማሽ አካላቴ ተዘቅዝቆ ሲያዩ መንገደኞች «ሰውዬው ተዋጠ» እያሉ አለፉ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ካቻቢቴዬን ይዤ አንድ በአንድ ፈታሁና ሁሉንም ጎትቼ አወጣሁት። የላይፕዚግ ወገብ ሌላ፣ የዶሮ ማነቂያ ወገብ ሌላ።

ደግሞም ባላወጣው ኖሮ እናትህ እንዲያ አትስቅም ነበር። ቤት አስገብቼ አልጋዋ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ የገደልኩት ዘንዶ ነው የሚመስለው። እሷ ከአልጋዋ ሆና እርሳስና ወረቀት ያዘች፤ እኔ ተንበርክኬ ለካሁ። ሜትር ከአስካለ ልዋስ ብዬ ነበር። ግን ስፌቷን ጥላ ልታዝዘኝ ስለምትመጣ ተውኩት። በክንዴ ለካሁት፤ ከክርኔ እስከ ረጅሙ ጣቴ ጫፍ። ጆሮህን ሲቆነጥጥ ያደገውን እጅ ታውቀዋለህ።

«አባባ፣ ይሄኛው ወዴት ነው የሚሄደው?» ትለኛለች።

«ወደ ክላክስ።»

«በቃ አስካለ ብዬ ጻፍኩት። ይሄ ወፍራሙስ?»

«ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ። እሱ ካልገፋ ማንም ከቦታው አይነሳም።»

«እሱ እኔ ነኛ! አንተን ከአልጋ የሚያስነሳህ ማነው? ይሄ ቀጭኑስ?»

«እሱ ዘይት ሲጎድል መብራት አብርቶ የሚያሳብቅ ነው።»

ለዚያኛው የማንን ስም እንዳወጣችለት አልጽፍልህም። ወንድማችን እያነበበ ነው። ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራትና ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ደግማ ግን «ቀጥል፣ ቀጥል» አለችኝ።

ልኩ ይኸውልህ። ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ሁለት ክንድ ከስንዝር። ከዲናሞ እስከ ባትሪ ሁለት ክንድ። ብልጭታ ከሚሰጠው ቦቢና እስከ ቁልፉ ሦስት ክንድ። ከቁልፉ እስከ ፊት መብራቶቹ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ፣ ስድስት ክንድ። አስካለ ሦስት ክንድ። አሳባቂውም ሦስት። የቀሩትን እናትህ በጻፈችው ወረቀት ላይ ታገኛለህ፤ ጽሕፈቷ ካንተ ይሻላል።

ጠይቀኸኛልና ያለ ቀልድ ልንገርህ። እብጠቱ ጉልበቷ ደርሷል። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አድርሻታለሁ፤ በቀን ብርሃን፣ በሰው መኪና። ሌሊት እስካሁን አልጠራችኝም። ቶሎ ሥራው።

አያትህ እምሩ


ላይፕዚግ
የካቲት 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎት። እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ።

ማውጣትዎን ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ደብዳቤውን አስቀምጬ ወጥቼ ዞርኩ። በእርስዎ ላይ መቆጣት አልችልበትም። ስለዚህ ተመልሼ ገብቼ መሥራት ጀመርኩ።

አልቋል። የሠራሁት በትርፍ ሰዓቴ ነው። በክንድ ስለጻፉልኝ እኔም በክንዴ ለካሁ። መምህሬ ሜትር ይዞ ሲመጣ፣ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ሽቦ ስቆርጥ አገኘኝና «ይህ የትኛው አገር ስታንዳርድ ነው?» አለኝ። «የአያቴ» አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሽቦዎቹን በቀለም ለያይቻለሁ፤ ጫፋቸውን በእጄ በሚለጠፍ ናስትሮ ጠቅልያለሁ። በየጫፉ ላይ ደግሞ እማዬ ያወጣቻቸውን ስሞች በአማርኛ ጽፌ አስሬአለሁ። ጀርመኖቹ «አስካለ» የሚለውን ጽሑፍ እያዩ የፋብሪካ ስም መስሏቸዋል።

ጥቅሉ ከባድ ስለሆነ አውሮፕላን አልተቀበለልኝም። በመርከብ በአሰብ በኩል ይመጣል። ሲገጥሙት ሽቦው ላሜራውን ቀዶ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አለ፤ እንዳይጥሉት፣ አለዚያ ላሜራው ልባሱን ይበላዋል። ባትሪውን ከሁሉም በኋላ ይሰሩት። ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ደግሞ ከኮፈኑ ራቅ ይበሉ። ጭስ ካዩ የደመራ ነው እንዳይሉ።

እማዬ በወረቀቱ ጥግ ላይ «ደሜ፣ ሹራብ ልበስ» ብላ ጽፋልኛለች። ለብሻለሁ ይበሏት።

ደምመላሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለደምመላሽ፣

የጾሙ በረከት ይድረስህ። ሽቦው ባሕር ላይ መሆኑን ሰምተናል። ለመርከበኞቹ እንጸልያለን፤ አስካለን ተሸክመው ማዕበል እንዳይነሳባቸው።

እናትህን ባለፈው ሐሙስ በጠዋት ተሸክመናት ሄድን። ቃሬዛ አልነበረም። አስካለ የራሷን የጓዳ በር ከማጠፊያው ነቅላ አመጣችው። ትሰማኛለህ? ያቺ ሴት አንዲት ቃል ሳትናገር በሯን ነቅላ ሰጠችን። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። አራት ሆነን በሩን ትከሻችን ላይ አድርገን እስከ ዋናው መንገድ ወረድን። እናትህ በሩ ላይ ተኝታ «ቀስ በሉ፣ ከአስካለ ቤት የወጣሁ ሌባ አስመሰላችሁኝ» ትለናለች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከፍቶ አስገባን። ሦስት ቀን አስተኝተው ውሃውን ቀንሰውላት መለሷት።

ሐኪሙ የጻፈው መድኃኒት እዚህ ጠፍቷል። ስሙን ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ሽቦው በራሱ ጊዜ ይምጣ፤ መድኃኒቱን ግን በአውሮፕላን ላክልኝ። ቶሎ።

መኪናዋን ደጃፍ ላይ በሸራ ሸፍኛታለሁ። ሳልፍ ሳገድም አላያትም።

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ነው፤ እኔ አላነበብኩትም ብልህ አታምነኝም።

እምሩ

ደሜ ልጄ፣ አባባ እንደሚያጋንን ታውቃለህ። ደህና ነኝ። የምትማረውን ጨርስ። እዚህ ያሉትን ያንተን እኩዮች ሳይ እዚያ በመሆንህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ስለኔ ብለህ ድንገት እንዳትመጣ። እናትህ።


ላይፕዚግ
ሚያዝያ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባባና ለእማዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፤ ይህ ወረቀት ሲደርሳችሁ ፋሲካው አልፎ ይሆናል። መድኃኒቱን አቶ ገብረትንሣኤ የሚያውቋቸው ሐኪም ጽፈውልኝ ገዛሁት። ነገ በአውሮፕላን ፖስታ ይሄዳል። በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ምግብ ከበላች በኋላ።

በሩ ከትከሻዬ አልወርድ ብሎኛል። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ ስለ ዲናሞ ሲያስረዳ እኔ የማየው እማዬን ተሸክማችሁ ስትወርዱ ነው። አባባ፣ ልምጣ? ትምህርቱን ባቋርጥ የሚመጣብኝን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እርስዎ «ና» ካሉኝ የሚቀጥለውን ሳምንት አልጠብቅም።

እማዬ፣ ዛሬ ብቻ ልለምንሽ። በሚቀጥለው ደብዳቤ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሪልኝ። «ሹራብ ልበስ» ብቻ ብትይኝም ይበቃኛል።

ደምመላሽ


አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለደምመላሽ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

ሽቦው ግንቦት መግቢያ ላይ ደረሰ። ልክ ነው። ገጥሜዋለሁ። መኪናዋ ተነስታለች፣ መብራቶቹም በርተዋል። እጅህን ይባርከው።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። እጇን ስለሚደክማት አልጻፈችም። መምጣት የለብህም። የጀመርከውን ጨርስ። መድኃኒቱ ደርሷል፤ ከእንግዲህ አትላክ። ሌላም ነገር አትላክ። ምንም አትላክ።

አያትህ


ላይፕዚግ
ሰኔ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባባ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ባለፈው ወር እዚህ ሌላ መኪና ላይ ስንሠራ መምህሬ ሊያሾፍብኝ ፈልጎ «በአያትህ ስታንዳርድ ለካው» አለኝ። ክንዴን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የእርስዎ ክንድ እኮ የኔ አይደለም። እርስዎ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ቆመው የሚፈቱ ሰው ነዎት፤ እኔ ወንበር እፈልጋለሁ። አጫጭሩ ሽቦ ላይ ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም፤ ሲስቡት ይደርሳል። ለፊት መብራቶቹ ያሉት ስድስቱ ክንድ ላይ ግን ይጎድላል። ክፍሌ ገብቼ አሰላሁት፤ ቢያንስ ስንዝር ይጎድላል። ምንም ቢስቡት አይደርስም።

እርስዎ ግን «ልክ ነው» አሉኝ። «መብራቶቹም በርተዋል» አሉኝ።

አባባ፣ ስንዝር የጎደለው ሽቦ ልኬልዎት ቢሆን ኖሮ እርስዎ ዝም የሚሉኝ ሰው ነዎት? አንድ ሙሉ ደብዳቤ ነበር የሚጽፉብኝ። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው አጭሩን ሁሉ በስም ይጠሩልኝ ነበር። ለፒያሳ ሰው ሁሉ ያወሩት ነበር። አስካለ እስከ አራት ኪሎ ታሰማልኝ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ውስጥ አንዲት ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ለሚያነበው ወንድማችን እንኳ ሰላምታ አልሰጡትም።

ሽቦውን አልገጠሙትም። ከጥቅሉም አላወጡት። ያን ያህል ስንጠብቀው የከረምነውን ዕቃ እጅዎ ሲገባ ለምን ሳይነኩት ቀሩ?

ሌላ አልጠይቅዎትም። ለዚህ ብቻ ይመልሱልኝ። ካልቻሉ ደግሞ ከእማዬ እጅ አንድ ፊደል ይላኩልኝ።

ደምመላሽ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረትንሣኤ፣
ላይፕዚግ

በአካል ሳንተዋወቅ ከባድ ነገር ላስቸግርዎ ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እግዚአብሔር ቤትዎን ይጠብቅልዎ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ዳግመኛ ደጅዎን አይርገጥ። እኔ በእርስዎ አድራሻ ደብዳቤ ይደርሰው የነበረው የደምመላሽ አያት ነኝ። ይህ ግን የተጻፈው ለእርስዎ ነው፤ ለልጁ እንዳያሳዩት አደራ።

እናቱ፣ የኔ አንዲት ልጄ ሙሉእመቤት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዐርፋለች። ሌሊት ጠራችኝ። ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ደጃፍ ላይ ነበረች። ሽቦዋ ወለሉ ላይ ነበር። እስኪነጋ ይዣት ተቀመጥኩ፤ አልነጋላትም።

እርምዋን አውጥተን፣ ሰውም ተበትኖ ብቻዬን ስቀር ጥቅሉ ከመርከብ ደረሰ። መድኃኒቱም ተከትሎ መጣ። ለልጁ ያንን የውሸት ደብዳቤ ጻፍኩ። እርስዎ እንደሚያውቁት እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። ፖስታውን ብቻውን ቀድዶ፣ ብቻውን አንብቦ፣ ብቻውን አልጋው ላይ ቁጭ ሲል ታየኝ። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ በዐይኔ እያየሁት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ግን ያሳደግኩት ነውና በሽቦ ያዘኝ።

የመጨረሻ ደብዳቤው እንደ ደረሰኝ ጥቅሉን ፈታሁት። እንዳለው ነው፤ ለፊት መብራቶቹ ስንዝር ጎደለ። ሌላው ሁሉ ደርሷል። የጎማ ቀለበቱን በቦታው አገባሁ። ባትሪውን እንደ አዘዘኝ መጨረሻ አሰርኩት። ስሞቹ ሁሉ በየጫፉ ላይ ተጽፈዋል፤ አንድም አላሳሳተኝም። ቁልፉን ሳዞር ሳትገፋ በአንዴ ተነሳች። አስካለ ድምጿን ሰምታ ከቤቷ ወጣች። ወዴት እንደምነዳት ስላላወቅሁ አጠፋኋት።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ትምህርቱ ሳይወጣ ይሂዱለት። ብቻዎን አይሂዱ። እዚያ ካሉት ልጆች ይሰብስቡ፤ ሴቶችም ይኑሩበት፣ ሴት ካልቀደመችው ለቅሶው አይወጣለትም። ጀርመኖቹ ጎረቤቶቹ ቢደነግጡም ይደንግጡ፤ አንድ ቀን ነው። የሚበላ ነገር ይዛችሁ ግቡ። ሦስቱን ቀን ብቻውን አታሳድሩት።

ሽቦው ከሞተች በኋላ እንደ ደረሰ ንገሩት። እውነት ነው። መድኃኒቱም እንዲሁ። የጎደለው ስንዝር ማንንም እንዳልጎዳ ደጋግማችሁ ንገሩት፤ አንዴ ብቻ ቢነገረው አያምንም። አሮጌውን ሽቦ ማን አወጣው ብሎ ካነሳ ግን እሱን አትመልሱለት። እሱን ለኔ ተዉት።

ወደዚህ እመጣለሁ ቢል ይዛችሁ አስቀሩት። እናቱ በእጇ የጻፈችለት ይኸው ነው፤ ወረቀቱ እሱ ዘንድ አለ።

በር ስታንኳኩ፣ ያን ያህል ሆናችሁ በዚያ ሰዓት ሲያያችሁ፣ ይገባዋል። ምናልባት አፋችሁን ሳትከፍቱ «አውቃለሁ» ይላችኋል። ዝም ብላችሁ እንዳትመለሱ። ቢያውቅም ንገሩት።

ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

እምሩ፣
የሙሉእመቤት አባት